ከረሃብ መዝገብ ባሻገር፦ በሞያሌ ዙሪያ የሚበሉ የዱር ተክሎች

በቦረና ምድርና በሰሜን ኬንያ ስለሚበሉ የዱር ተክሎች የተጻፈውን እየሰበሰበ የሚያነብ ሰው ቶሎ የሚያስተውለው ነገር አለ፤ አብዛኛው የተጻፈው ሰው በተራበ ጊዜ ነው። ድርቅ ሲገባ አጥኚ ይመጣል፤ ሰዉ ምን እየቀመሰ እንደሚውል ይጠይቃል፤ መዝግቦ ይመለሳል። ዝናብ ዘንቦ ሣሩ ሲለመልም፣ ወተት ሲትረፈረፍ ግን ጠያቂ የለም። በዚህ የተነሳ የጫካ ፍሬ በመዝገብ ላይ የቀረው የረሃብ ምልክት ሆኖ ነው። እረኛ ልጅ ግን ዝናብ በጣለበት፣ በጠገበበት ወቅትም ይለቅማል፤ እንዲያውም ከሚወዳቸው ፍሬዎች ብዙዎቹ የሚበስሉት ዝናቡን ተከትለው ነው። የዚህ ዳሰሳ ጥያቄ ከዚህ ይነሳል፦ ስለ ሞያሌ ጫካ ምግብ የምናውቀው ምን ያህል ነው? የምናውቀውስ ከማን አንደበት የተወሰደ ነው?

ሞያሌ ሁለት ናት። እ.ኤ.አ. በ1907 ኢትዮጵያና እንግሊዝ የተስማሙበት፣ በ1970 ደግሞ ኢትዮጵያና ኬንያ በውል ያጸኑት ወሰን ከተማይቱን ለሁለት ይከፍላታል። ደቡባዊቱ በኬንያ ማርሳቢት ካውንቲ ሥር ናት። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ባለው መንገድ አስፋልት ተነጥፏል፤ በታኅሣሥ 2020 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ የሁለቱ አገር መሪዎች የጋራ የድንበር መፈተሻ ጣቢያውን መርቀው ከፍተዋል። በዙሪያዋ ቦረና፣ ገብራ፣ ገሪ፣ ቡርጂ፣ ሳኩዬ ይኖራሉ። በገበያዋ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ስዋሂሊና አማርኛ ይሰማሉ።

ስለ ጫካው መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ሞያሌ ላይ ጫካ ሲባል የከፋን ወይም የኢሉባቦርን ጥቅጥቅ ደን የሚያስብ ሰው ይሳሳታል። እዚህ ያለው ግራር፣ ከርቤና የዕጣን ዛፍ የሚበዛበት፣ በበጋ ቅጠሉን አራግፎ ግራጫ የሚሆን ቁጥቋጦ ነው። እውነተኛ ደን የሚገኘው ራቅ ብሎ ነው፤ በኬንያ በኩል በማርሳቢት ተራራ ላይ፣ በኢትዮጵያ በኩል በያቤሎ፣ በአሬሮና በነገሌ የጽድ ደኖች ውስጥ። ዝናቡም በዓመት ሁለት ጊዜ ነው። ትልቁ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ትንሹ በመስከረምና በጥቅምት አካባቢ ይጥላል። የሚለቀመው ሁሉ በእነዚህ ሁለት ዝናቦችና በመካከላቸው ባለው ረጅም ድርቀት ይታዘዛል።

ከሁሉ በፊት መነሳት ያለባቸው በሳይንስ ግሬዊያ የሚባሉት ቁጥቋጦዎች ናቸው። የሰሜኑ አንባቢ ዘመዳቸውን ለንቋጣን ያውቀዋል። ቦረናዎች ዓይነቶቹን ለይተው ዴካ፣ ሀሮሬሳ፣ ኦጎምዲ ይሏቸዋል። ዴካ ከሰው ቁመት ብዙም የማይበልጥ፣ ቅርንጫፉ ቀጫጭን የሆነ ተክል ነው። ፍሬው ከአተር እምብዛም አይበልጥም፤ ሲበስል ብርቱካንማ ወደ ቀይ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ሆኖ ተጣብቆ ይገኛል። ሥጋው ስስ ነው፤ ጥርስ ከፍሬው ላይ የሚፍቀው ጣፋጭ ሽፋን ብቻ አለው፤ የቀረው አጥንት ነው። ስለዚህ ዴካ ሲበላ ሆድ አይሞላም። ልጁ ጧት ፍየሉን አውጥቶ እስኪመልስ ድረስ ከቁጥቋጦ ወደ ቁጥቋጦ እየተዘዋወረ በእፍኝ እየቃመ የሚውልበት ምግብ ነው፤ መንጋው ሲቀነጥብ እሱም ይለቅማል። አጥኚ መጥቶ «ትናንት ምን በላህ?» ቢለው ልጁ ዴካን ላይጠቅሰው ይችላል፤ ምክንያቱም ምሳም እራትም ብሎ አይቆጥረውም። ብዙ የአመጋገብ መጠይቅ የሚስተው ይህንን ነው፤ መጠይቁ የሚቆጥረው ገበታ ላይ የቀረበውን ነው፣ ልጁ ግን የሚበላው በመንገድ ላይ ነው።

ይህ ትንሽ ፍሬ በሌላ አገር ያገኘውን ክብር ማየት ይጠቅማል። በሱዳን ያው ተክል ጉደይም ይባላል። ደርቆ በገበያ ይሸጣል፤ በውሃ ተዘፍዝፎ መጠጥ ይሆናል፤ በብረት ማዕድን የበለጸገ ነው ስለሚባል ለነፍሰ ጡሮችና ለአራሶች በገንፎ መልክ ይሠራል። ሞያሌ ላይ የእረኛ መቆያ የሆነው፣ ካርቱም ላይ የአራስ ቤት ምግብ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ልዩነት በፍሬው ውስጥ የለም፤ በሚያየው ሰው ዓይን ውስጥ ነው።

ከቁጥቋጦዎቹ ቀጥሎ ዛፎቹ ይመጣሉ፤ እነሱ በአብዛኛው የሚያፈሩት በደረቁ ወቅት ነው። በደኖ እሾሃም፣ ድርቅ የማይበግረው ዛፍ ነው። ቢጫ ፍሬው ጣፋጭም መራራም ሆኖ ይመጠጣል፤ በፍሬው ውስጥ ካለው ዘር ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው። ቁርቁራን ማስተዋወቅ አያስፈልግም፤ በስዋሂሊ ኩናዚ ይሉታል፤ ከጥንት ጀምሮ ከአፍሪካ እስከ ሕንድ ይበላል። ሮቃ በወንዝ ዳርና በሸለቆ ይገኛል፤ ኬንያውያን ኡክዋጁ ብለው ጭማቂና ወጥ ያጣፍጡበታል። ጀጀባ የሚባለው ዛፍ ፍሬ ሲደርቅ ተምር ተምር ይላል። እንኮይ ጎምዛዛ ነው። ቡሩሪ፣ መዴራ፣ ዳቦቤሳ እያሉ እረኞች የሚጠሯቸው ሌሎችም አሉ። የሙጫ ግራር ሙጫም አለ፤ ከግንዱ ላይ እንባ መስሎ ሲደርቅ እየለቀሙ ያኝኩታል። ደግሞ የማይበሉ ሆነው ወደ ምግብ የሚገቡ አሉ፤ የወተት ዕቃ በወይራ እንጨት ይታጠናል፣ ወተቱም የዚያን ጭስ ጣዕም ይዞ ይጠጣል።

አጋም ላይ ትንሽ መቆየት ተገቢ ነው። ቦረናዎች ዳገምስ ይሉታል፤ ለሸዋና ለጎጃም ልጅ አዲስ አይደለም። ከአጋም ጋር በአንድ ዳገት ላይ የሚበቅል ምረንዝ የሚባል ተክል አለ፤ በቦረና ስሙ ቀራሩ ነው። ሁለቱ ከአንድ ቤተሰብ ናቸው። ቅጠላቸው ወፍራምና አንጸባራቂ ነው፤ ሲቆረጡ ሁለቱም ነጭ ወተት ያነባሉ፤ አበባቸው ነጭና ሮዝ ሆኖ ደስ የሚል ሽታ አለው፤ ፍሬያቸውም ቀይ ሆኖ ጀምሮ ሲበስል ይጠቁራል። ምረንዝ ግን ልብ የሚያቆም መርዝ አለው። ከግንዱና ከሥሩ የተቀቀለው ዝፍት መሰል ጥቁር መርዝ የምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች ለዘመናት ቀስታቸውን የቀቡበት ነው። በአንዳንድ ቦታ የምረንዝ ፍሬ ሙሉ በሙሉ ከበሰለ ይበላል ይባላል፤ ያልበሰለው ግን ይገድላል። መለያው እሾህ ነው፤ አጋም ጠንካራ ቀጥ ያለ እሾህ አለው፣ ምረንዝ የለውም። ይህንን ለልጅ የሚያስተምረው መጽሐፍ አይደለም፤ ቀድሞት የጠበቀ ታላቅ ወንድሙ ነው። «እሾህ ካላየህ እጅህን አትስደድ» የሚለው ትምህርት በአንድ ጧት ይሰጣል። ያ ጧት ከቀረ ግን በምን እንደሚተካ እስካሁን ያሰበበት አላየሁም።

በድርቅ ጊዜ የሚፈለገው ዛፍ ሌላ ነው። አዴ ይሉታል፤ አፋሮች ገርሳ፣ ሶማሌዎች ገረስ። በሳይንስ ዶቤራ ግላብራ ነው። ሌላው ቁጥቋጦ ሁሉ ደርቆ እንጨት በሆነበት ወቅት አዴ አረንጓዴ ሆኖ ይቆማል፤ ፍሬም የሚሰጠው ያኔ ነው። የፍሬው ሥጋ በጥሬው ይመጠጣል። ዘሩ ግን ሥራ አለው፤ ለረጅም ሰዓት ይቀቀላል፣ ውሃው ይደፋል፣ እንደገና ውሃ ተጨምሮ ይቀቀላል። ሲበስል የሚያወጣው ሽታ ከሩቅ ያስታውቃል፤ ሳይለሰልስ የበላ ሆዱን ይቆርጠዋል። ውሃና ማገዶ በጠፉበት ወቅት ይህን ሁሉ ውሃና ማገዶ የሚጠይቅ ምግብ ማዘጋጀት የሴቶች ሸክም መሆኑን ደግሞ መርሳት አይገባም። «የዱር ምግብ በነጻ ይገኛል» የሚል ዓረፍተ ነገር በሪፖርት ውስጥ ባነበብኩ ቁጥር የማስበው ይህንን ድስት ነው።

አሁን ወደ ጽሑፎቹ ልመለስ። በኢትዮጵያ በኩል ለደቡቡ ደረቅ አካባቢ መሠረት የጣለው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2000 ኢቭ ጊናንድና ደቻሳ ለሜሳ ለተባበሩት መንግሥታት የኢትዮጵያ የአስቸኳይ ጊዜ ክፍል ያዘጋጁት ጥናት ነው። ሜዳ ላይ የተሠራ፣ ዓይን ያለው ሥራ ነው። ኮንሶ፣ ደራሼና ቡርጂ የዱር ተክል እውቀታቸውን ከሌላው በተሻለ እንደጠበቁ፣ አዋቂ ሰው የሚያፍርበትን ፍሬ ልጆች በግልጽ እንደሚበሉት አሳይቷል። አዴ ብዙ አዲስ ቀንበጥና ፍሬ ሲያወጣ ገበሬው ድርቅ ሊመጣ ነው ብሎ እንደሚያነበውም መዝግቧል። ድክመቱ ከርዕሱ ይጀምራል፤ ተክሎቹን የሚመለከተው እንደ ረሃብ ምግብ ነው። ደቻሳ ለሜሳ ከባልደረቦቹ ጋር በ2012 (እ.ኤ.አ.) ስለ ኮንሶ ያሳተመው ሥራ ይህን አንድ እርምጃ አራምዶታል። እዚያ የዱር ተክሎች እንደ ትራፊክ መብራት በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ይከፈላሉ፤ አንዳንዱ በደህናው ጊዜ ይበላል፣ አንዳንዱ ችግር ሲጀምር፣ አንዳንዱ ደግሞ የሚነካው ነገር ሲከፋ ብቻ ነው። እኔ ካነበብኳቸው ሁሉ የምመርጠው ይህንን ነው፤ ምክንያቱም ሁሉንም ፍሬ «የረሃብ» ብሎ በአንድ ጆንያ አይከትም።

ቦረናን በቀጥታ የሚመለከተው የገመዶ ዳሌና የባልደረቦቹ የ2005 (እ.ኤ.አ.) ጥናት ነው። ከ300 በላይ የተክል ዓይነቶችን በቦረና አርብቶ አደሮች ዓይን መዝግቧል። አርብቶ አደሩ ተክልን አስቀድሞ የሚመዝነው ለከብቱ በሚሰጠው ጥቅም ነው፤ የሰው ምግብ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ከብቱ ከጠገበ ሰው ወተት ይጠጣልና። ስለ ቦረና ወተትና እህል ለማወቅ የሌይን ኮፖክ የ1994 (እ.ኤ.አ.) መጽሐፍ ዛሬም መነሻ ነው፤ ግን የልጆችን ለቀማ የሚፈልግ አንባቢ እዚያ አያገኘውም። አገር አቀፉን ምስል የሚሰጠው ደግሞ ኤርሚያስ ሉልቀል ከዘመደ አስፋው፣ ከእንሰርሙ ቀልቤሳና ከፓትሪክ ቫን ዳሜ ጋር በ2011 (እ.ኤ.አ.) ያቀረበው ዳሰሳ ነው፤ በኢትዮጵያ የሚበሉ 413 የዱር ተክሎችን ሰብስቧል። ቁጥሩ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን ዝርዝር የሚያድገው አጥኚ በሄደበት አቅጣጫ ነው፤ ቆላማው ዳርቻ በዚህ ረገድ ገና ብዙ ይቀረዋል።

በኬንያ በኩል መሠረቱ ፓትሪክ ማዉንዱ፣ ግሬስ ንጉጊና ክርስቲን ካቡዬ በ1999 (እ.ኤ.አ.) በኬንያ ብሔራዊ ሙዚየሞች ያሳተሙት የኬንያ ባሕላዊ የምግብ ተክሎች መጽሐፍ ነው። የቦረናና የገብራ ስሞች ከሌሎች የኬንያ ቋንቋዎች ጎን ተጽፈው ይገኛሉ። ከኢትዮጵያዎቹ የሚለየው በስሜቱ ነው፤ ተክሉን እንደ ሕዝብ ቅርስ ያያል እንጂ እንደ ችግር ምልክት አያይም።

ሁለቱን ወገኖች ጎን ለጎን ሳነብ የሚያሳስበኝ የወሰኑ መስመር ነው። የኢትዮጵያ አጥኚ ሞያሌ ሲደርስ ይቆማል፤ የኬንያውም ከወዲያ ሲመጣ እዚያው ይቆማል። የገብራ ግመል ግን አይቆምም። ቦረናው በአንድ ዓመት ውስጥ መንጋውን ወዲህም ወዲያም ይነዳል፤ ልጁ ከመስመሩ በስተሰሜን የለቀመውን ዴካ ከመስመሩ በስተደቡብም ይለቅማል። ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ስዋሂሊና አማርኛ ስሞችን፣ የሚበስልበትን ወር፣ የሚበላውን ክፍልና መርዙን አጣምሮ የያዘ፣ ለሁለቱ ሞያሌዎች የሚያገለግል መዝገብ አላገኘሁም። ወሰን የማያግደውን ሕይወት በወሰን ከፍሎ ማጥናት፣ በእኔ አስተያየት፣ የዚህ ዘርፍ ትልቁ ጉድለት ነው።

የዱር ምግብ የመብላት እፍረት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከባዱም እሱ ይመስለኛል። ይህ የቦረና ብቻ አይደለም። በሰሜንም ሳማ ቀቅሎ መብላት የድሃ ምልክት ነበር፤ ከ1888 እስከ 1892 (እ.ኤ.አ.) በነበረው ክፉ ቀን ቅጠልና ሥራ ሥር የበላ ሰው በኋላ ስለሱ ማውራት አይፈልግም ነበር። ከብት አርቢ ዘንድ ነገሩ ይጠነክራል። ሰው የሚከበረው በከብቱ ነው፤ ከጫካ የሚበላ አዋቂ ከብት የሌለው ነው ተብሎ ይገመታል። በቦረናና በገብራ መካከል የሚኖሩት ዋታዎች ለዘመናት በአደን፣ በማርና በለቀማ የኖሩ ናቸው። የጫካውን ተክል፣ መርዙንም መድኃኒቱንም፣ ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። በማኅበራዊ ደረጃ ግን ዝቅ ተደርገው ይታያሉ። ኬንያ በ1977 (እ.ኤ.አ.) አደንን ስትከለክል ደግሞ የኑሯቸው ትልቅ ክፍል ሕገወጥ ሆኖ ቀረ። የእውቀቱ ባለቤት የተናቀ በሆነበት ቦታ እውቀቱ አይከበርም፤ የአዴን ዘር ደህና አድርጋ የምታበስል ሴት ሙያዋን ከጎረቤት ትደብቃለች። የጥናት ቡድን ዋታን እንደ መረጃ ሰጪ ብቻ ሳይሆን እንደ አዋቂ ስሙን ጠቅሶ፣ ድርሻውን ሰጥቶ ቢሠራ ከብዙ ስብሰባ ይሻላል።

እፍረት ሊለወጥ እንደሚችል ኬንያ ራሷ አሳይታለች። የጓሮና የዱር ቅጠሎች፣ ማናጉ የሚባለው የእኛ አውጥ፣ ተሬሬ የሚባለው የእኛ አሉማ፣ ከቅኝ ግዛት ጊዜ ጀምሮ የድሃ ምግብ ተብለው ተንቀው ነበር። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተጀመረ የምርምርና የማስተዋወቅ ሥራ አነሳቸው፤ ዛሬ ናይሮቢ ሱፐርማርኬት ውስጥ በእስር ይሸጣሉ። ዩኔስኮም በ2021 (እ.ኤ.አ.) ይህንን የኬንያ ባሕላዊ ምግብ ልምድ በመልካም አጠባበቅ ተግባራት መዝገቡ ላይ አስፍሮታል። የሰሜኑ ደረቅ አካባቢ ፍሬዎች ግን በዚህ መነሳት ውስጥ ብዙም አልገቡም። ገበያ ሲገባ ዛፍ እንደሚጎዳ፣ ሴቶችና ልጆች የለቀሙትን ነጋዴ እንደሚወስደው አውቃለሁ፤ ያም ሆኖ ከመናቅ ይሻላል እላለሁ።

ተክሎቹ ራሳቸው በምን ሁኔታ ላይ ናቸው? ከተማው ከሰል ይፈልጋል፤ ለከሰል የሚቆረጠው ደግሞ እንጨቱ ጠንካራ የሆነው ዛፍ ነው። የግል ግጦሽ አጥሮች እየበዙ ነው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ ሣር ማቃጠል ከተከለከለ በኋላ ቁጥቋጦ ግጦሹን ወረሰው፤ መንግሥትና የዕርዳታ ድርጅቶች ያንን ቁጥቋጦ ማስመንጠር ጀመሩ። ምንጠራው ለከብት አስፈላጊ ነው። ነገር ግን ሠራተኛው ቆንጨራውን ሲያነሳ ዴካንና ኦጎምዲን ከሌላው እሾህ ይለያል? የሚለየው በአካባቢው ከብት ያገደ ሰው ነው፤ ያንን ሰው ከመጀመሪያው ቀን ከቡድኑ ጋር ማሰለፍ ወጪ አይጠይቅም። የቦረና ሕግ ትልልቅ ዛፍ እንዳይቆረጥ የሚጠብቅበት ሥርዓት አለው፤ በየ8 ዓመቱ የሚሰበሰበው የቦረናዎች ጉባኤ፣ ጉሚ ጋዮም፣ ስለ መሬቱ ይነጋገራል። የፍሬ ቁጥቋጦዎች በዚያ ጥበቃ ውስጥ ስማቸው ቢነሳ ተሰሚነት ያገኛሉ።

ትምህርት ቤቱን ለመውቀስ አልፈልግም። ልጅ መማር አለበት። ግን ከከብት ጋር የሚውለው ሰዓት ሲቀንስ ለቀማን የሚማርበት ሰዓት አብሮ ይቀንሳል። ከ2020 እስከ 2023 (እ.ኤ.አ.) አምስት ዝናብ በተከታታይ ቀርቶ መንጋው ሲያልቅ ደግሞ ብዙ ቤተሰብ ወደ ከተማ ዳርና ወደ መጠለያ ገብቷል። በዚያ ድርቅ የአዴን ፍሬ ፍለጋ የወጡት የሚያውቁት ናቸው፤ ከመንጋ ርቀው የሚያድጉት ልጆች ደግሞ ከማን እንደሚማሩት አልተወሰነም። በሁለቱም ሞያሌ የሚገኙ ትምህርት ቤቶች በግቢያቸው አጋም፣ ቁርቁራና ዴካ ቢተክሉ፣ ምረንዝን ደግሞ ከአጋም ለይተው በሥዕል ቢያሳዩ፣ ሽማግሌዎቹ በሕይወት እያሉ የሚጀመር ሥራ ነው።

የኬንያ ብሔራዊ የድርቅ አስተዳደር ባለሥልጣን ለማርሳቢት ካውንቲ በየወሩ ሪፖርት ያወጣል። የዝናቡን መጠን፣ ከሳተላይት የሚታየውን የዕፅዋት ሁኔታ፣ የወተቱን ምርት፣ የፍየሉን ዋጋ፣ የሕፃናትን ክንድ ዙሪያ ይለካል። አዴ ቀንበጥ አውጥቶ እንደሆነ፣ እናቶች ዘሩን መቀቀል ጀምረው እንደሆነ፣ ልጆች የሚለቅሙት ዴካ ነው ወይስ የቀዩ መብራት ተክል የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች ለሪፖርቱ መረጃ በሚሰበሰብበት ቅጽ ላይ መጨመር ይቻላል። በኢትዮጵያ በኩልም የቦረናና የዳዋ ዞኖች ያንኑ ቅጽ በራሳቸው ቋንቋ ቢሞሉት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመስመሩ ወዲህና ወዲያ ያለው መልስ በአንድ ገጽ ላይ ይቀመጣል።